በዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ከተሰጠ ሥልጣን በላይ መውጣትን ስለ መከላከል፦ ለማይኤስኪውኤልና ለፖስትግሬስ አስተዳዳሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ጅማ ውስጥ ያለ አንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት፣ የሌሊት ሪፖርቱ እየዘገየ ስላስቸገረው ምክንያቱን እንድመረምርለት ጠርቶኝ ነበር። በድርጅቱ አሠራር ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ሠራተኛ የገባውን ጀንፈልና እሸት ቡና በኪሎ ይመዘግባል፤ ዋጋ የሚተምነውና ክፍያ የሚያጸድቀው ግን ሌላ ሰው ነው። ይህ ክፍፍል በዳታቤዙም ላይ ስለተጠበቀ የሚዛን ሠራተኛው መለያ የዋጋውን ሰንጠረዥ ማየት እንጂ መቀየር አይችልም ነበር። ሪፖርቱን ስከታተል ግን ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው፣ ይኸው መለያ በዳታቤዙ ውስጥ የራሱን ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) መፍጠር ይችላል፤ ሁለተኛው፣ ሪፖርቱን በየሌሊቱ የሚያሰናዳው ስክሪፕት የሚሠራው በሱፐርዩዘር፣ ማለትም በዳታቤዙ ላይ ገደብ በሌለበት መለያ፣ ስም ነው። ሁለቱ ከተገናኙ የሚዛን ሠራተኛው በማግስቱ ጠዋት የዳታቤዙ ሁሉ አዛዥ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የድርጅቱን ባለቤት አስፈቅጄ፣ ሥራ ላይ ባለው ሰርቨር ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ ሞከርኩት። የአቅራቢዎች ስም የተመዘገበበት አምድ ‹ቫርቻር› የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ስክሪፕቱ ስሞቹን ወደ ትንንሽ የላቲን ፊደል ለመቀየር ‹ሎወር› የተባለውን ፈንክሽን ይጠራል። ከፖስትግሬስ ጋር የሚመጣው ‹ሎወር› የሚቀበለው ‹ቴክስት› የተባለውን ዓይነት ነው። እኔም በሚዛን ሠራተኛው መለያ ገብቼ ‹ፐብሊክ› በተባለው የጋራ ስኪማ (ሰንጠረዦችና ፈንክሽኖች በሚመደቡበት የዳታቤዙ ክፍል) ውስጥ ‹ቫርቻር› የሚቀበል፣ ስሙም ‹ሎወር› የሆነ ሌላ ፈንክሽን ፈጠርኩ። የጠራውን መለያ ስም በአንዲት የመሞከሪያ ሰንጠረዥ ላይ ከማስፈር በቀር ምንም አይሠራም። ፖስትግሬስ ስማቸው አንድ ከሆነ ፈንክሽኖች መካከል ከተሰጠው ዳታ ዓይነት ጋር ይበልጥ የሚስማማውን ስለሚመርጥ፣ ሪፖርቱ ሲሠራ የተጠራው የእኔው ሆነ፤ በሰንጠረዧም ላይ ‹ፖስትግሬስ› የሚል የሱፐርዩዘሩ ስም ተመዝግቦ ተገኘ። ባለቤቱ ስክሪኑን አይተው «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ሚዛን ብቻ ነው የሚነካው ተብዬ ነበር እኮ» አሉኝ። «አዎ ሐጂ፣ በእጁ የሚነካው ሚዛኑን ብቻ ነው፤ ችግሩ ትልቁ መለያ እሱ የጻፈውን ሳያውቅ ማስኬዱ ነው» አልኳቸው።

ይህ ድክመት የታወቁ የደህንነት ክፍተቶች በሚመዘገቡበት ሲቪኢ በተባለው ዝርዝር ውስጥ ሲቪኢ-2018-1058 በሚል ቁጥር የተመዘገበ ሲሆን በይፋ የታወቀውም በማርች 2018 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጅ ቁጥር ብቻ ይለያል።) በዚህ ምሳሌ የጀመርኩት ስለ ጉዳዩ ያለን ሥዕል ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስለሆነ ነው። ሥልጣን ማለፍ ሲባል ዝቅተኛው ተጠቃሚ አጥር ዘሎ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስለናል። በብዙዎቹ የዳታቤዝ ክፍተቶች ግን የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ከፍተኛው መለያ ወደ ታች ወርዶ ዝቅተኛው ጽፎ ያስቀመጠውን ያስኬዳል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ወረቀት ሳያነብ ማኅተም እንደሚያሳርፍበት ማለት ነው። ስለዚህ በሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ ሁለት ጥያቄዎችን አይርሱ፦ እዚህ ቦታ ላይ መጻፍ የሚችለው ማነው? የተጻፈውን በኋላ የሚያስኬደውስ በማን ሥልጣን ነው?

የትእዛዞቹንና የቅንብሮቹን ስም በአነባበባቸው በፊደላችን አስፍሬያለሁ፤ ሰርቨሩ ላይ ሲጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል መሆኑ ግልጽ ነው።

ደረጃ 1፦ ፈቃድና ቅጂ

የሌላ ሰው ሰርቨር ከሆነ ከባለቤቱ በጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ። ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ለበጎ አስቤ ነው ማለትም ፈቃድን አይተካም። ከዚያም ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ ወስደው በሌላ ማሽን ላይ ይመልሱትና በእርግጥ መነሳቱን ያረጋግጡ። ሙከራ የሚደረገው በዚህ ቅጂ ላይ ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ የሶፍትዌሩን ትክክለኛ ቁጥር ማወቅና ማደስ

በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ ‹ሴሌክት ቨርዥን› የሚለው ጥያቄ ሙሉ ቁጥሩን ይሰጣል። ዋናውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከነጥብ በኋላ ያለውንም ይመዝግቡ፤ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በፖስትግሬስ በኩል የሚከተሉትን ይመልከቱ። ሲቪኢ-2020-25695 በኖቬምበር 2020 በ13.1፣ በ12.5፣ በ11.10 እና በተመሳሳይ ቀን በወጡ ማሻሻያዎች ተዘግቷል። ሲቪኢ-2022-1552 በሜይ 2022 በ14.3፣ በ13.7 እና በ12.11 ተዘግቷል፤ ሲቪኢ-2024-0985 ደግሞ በፌብሩዋሪ 2024 በ16.2፣ በ15.6 እና በ14.11። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በሦስቱም አንድ ዕቃ፣ ማለትም ሰንጠረዥ፣ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ወይም የተከማቸ ቪው (ውጤቱ ተቀምጦ የሚቆይ ጥያቄ) የመፍጠር ፈቃድ ያለው ተራ ተጠቃሚ በዕቃው ውስጥ የራሱን ኮድ ያስቀምጣል፤ በኋላ አስተዳዳሪው ወይም ሰርቨሩ ራሱ የጥገና ሥራ ሲሠራ ያ ኮድ በጥገናው ባለቤት ሥልጣን ይሠራል። ፖስትግሬስ እንዲህ ያለውን ኮድ በዕቃው ባለቤት ሥልጣን ብቻ እንዲሠራ የሚያስገድድ መከለያ አለው፤ ክፍተቶቹ የተፈጠሩት መከለያው ዘግይቶ በሚዘጋባቸው፣ ቀድሞ በሚከፈትባቸው ወይም በተረሳባቸው ቦታዎች ነው። በተለይ የ2022ቱ አሳሳቢ ነበር፤ ከተጠቁት ሥራዎች አንዱ ‹አውቶቫክዩም› የሚባለው፣ ማንም ሳያዘው በራሱ የሚነሳ የጽዳት ሥራ ነውና።

በማይኤስኪውኤል በኩል የ2016ቱ ታሪክ እስካሁን ትምህርት የሚሆን ነው፤ በደረጃ 3 እመለስበታለሁ። የድጋፍ ዘመኑ ያለፈበት ሶፍትዌር ግን ከሁሉ በፊት መታየት አለበት። ማይኤስኪውኤል 5.7 ድጋፉ በኦክቶበር 2023 አብቅቷል፤ ፖስትግሬስ ደግሞ እያንዳንዱን ዋና ዕትም የሚደግፈው ለአምስት ዓመት ያህል ሲሆን 12ኛው በኖቬምበር 2024 ተሰናብቷል። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ክፍተት በእርስዎ ሰርቨር ላይ ሳይደፈን ይቀራል።

የፖስትግሬስ ንዑስ ማሻሻያ ዳታውን አውጥቶ መልሶ ማስገባት አይጠይቅም፤ ፕሮግራሙን ተክቶ ሰርቨሩን ማስነሳት በአብዛኛው ይበቃል፤ ቢሆንም ከማሻሻያው ጋር የሚወጣውን ማስታወሻ ያንብቡ። እኛ ዘንድ ሥራውን የሚያከብደው መብራትና ኢንተርኔት ነው። እኔ ፓኬጁን አስቀድሜ አውርጄና ፊርማውን አረጋግጬ አስቀምጣለሁ፤ ጀኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው፣ ዩፒኤሱም ቻርጅ እንደያዘ ካየሁ በኋላ ብቻ፣ ሚዛኑ ተዘግቶ ሠራተኛው ሲወጣ ሥራውን እጀምራለሁ። በማሻሻያ መካከል መብራት ቢጠፋ የሚመጣው ጣጣ ከአንድ ቀን መዘግየት ይብሳል።

ማሻሻያ ሁሉን እንደማይዘጋም ማወቅ ያስፈልጋል። በ2018ቱ ክፍተት ጊዜ የወጣው ማሻሻያ እንደ ‹ፒጂ ደምፕ› (የመጠባበቂያ ቅጂ ማውጫው) ያሉትን ፕሮግራሞች አስተካከለ እንጂ ‹ፐብሊክ› ስኪማን ለሁሉም ክፍት የሚያደርገውን ቅንብር አልነካም። ያ ቅንብር የተቀየረው በኦክቶበር 2022 በወጣው ፖስትግሬስ 15 ነው፤ እሱም ቢሆን አዲስ በሚፈጠር ዳታቤዝ ላይ ብቻ። ከቀድሞው የመጣ ዳታቤዝ የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይሻገራል። የቡና አቅራቢው ሰርቨር ከጊዜ ወደ ጊዜ ታድሶ ነበር፤ የ‹ፐብሊክ› በር ግን ዳታቤዙ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ እንደተከፈተ ነበር።

ደረጃ 3፦ ሰርቨሩ በማን ስም እንደሚሠራና የቅንብር ፋይሎቹ የማን እንደሆኑ ማየት

ፖስትግሬስ በሊኑክስ ላይ በሩት፣ ማለትም የማሽኑ ሁሉ አዛዥ በሆነው መለያ፣ ስም ተነሳ ቢባል እምቢ ይላል። ማይኤስኪውኤልም ‹ማይኤስኪውኤል› በተባለ የራሱ የሲስተም መለያ እንዲሠራ ነው የሚመከረው። የሂደቶችን ዝርዝር አውጥተው የማን እንደሆኑ ይመልከቱ፤ ሩት የሚል ካዩ ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይህ በቅድሚያ ይስተካከል።

የቅንብር ፋይሎች ጉዳይ ግን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነው። በሴፕቴምበር 2016 በይፋ የወጣው ሲቪኢ-2016-6662 የቆመው በዚሁ ላይ ነበር። ማይኤስኪውኤልን የሚያስነሳው ‹ማይኤስኪውኤልዲ ሴፍ› የተባለ ስክሪፕት የሚሠራው በሩት ሥልጣን ሲሆን፣ ከቅንብር ፋይሎቹ አንድ መስመር አንብቦ የተጠቀሰለትን ላይብረሪ (ተጨማሪ የፕሮግራም ኮድ) ይጭናል። ከቅንብር ፋይሎቹ አንዱ ለ‹ማይኤስኪውኤል› የሲስተም መለያ ክፍት ከሆነ፣ ፋይል የመጻፍ ፈቃድ ያለው የዳታቤዝ ተጠቃሚ በሎግ አጻጻፍ ዘዴ መስመር ሊያስገባበት ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ሰርቨሩ እስኪነሳ መጠበቅ ብቻ ነው፤ በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንበል። ክፍተቱ በ5.5.52፣ በ5.6.33 እና በ5.7.15 ተዘግቷል። በኖቬምበር መጀመሪያ የተከተሉት ሲቪኢ-2016-6663 እና 6664 ደግሞ እንደ መሰላል ሁለት እርከኖች ነበሩ፤ አንዱ ከዳታቤዝ ተጠቃሚነት ወደ ‹ማይኤስኪውኤል› የሲስተም መለያ፣ ሌላው ከዚያ በስህተት መመዝገቢያ ሎጉ በኩል ወደ ሩት ያደርሳል። ማሪያዲቢና ፐርኮናም ከዚሁ ኮድ የተወለዱ በመሆናቸው ጉዳዩ ነክቷቸዋል።

ስለዚህ የቅንብር ፋይሎቹን በሙሉ፣ ዳታው በተቀመጠበት ፎልደር ውስጥ ያሉትንም ጨምሮ፣ ይፈልጉ። በማይኤስኪውኤል የሁሉም ባለቤት ሩት ይሁን፤ ሰርቨሩ ያንብባቸው እንጂ አይጻፍባቸው። ተጨማሪ ፈንክሽኖች የሚጫኑበት የፕለጊን ፎልደርም እንዲሁ መሆን አለበት፤ እዚያ ፋይል ማስቀመጥ የቻለ ሰው በሰርቨሩ ውስጥ የራሱን ፕሮግራም አስገባ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ትልቅ መለያ የሚመስሉትንና የማይመስሉትን መለየት

ሱፐርዩዘርን ሁሉም ያውቀዋል። የሚያሳስቡኝ ስማቸው ትንሽ፣ ኃይላቸው ግን የሱፐርዩዘር የሆኑት ፈቃዶች ናቸው።

በማይኤስኪውኤል ‹ሾው ግራንትስ› በሚለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን መለያ ፈቃድ ያውጡ። ‹ፋይል› የሚለው ፈቃድ ሰርቨሩ ባለበት ማሽን ላይ ፋይል ለማንበብና ለመጻፍ ያስችላል፤ ሪፖርት ለሚያይ ሠራተኛ የሚያስፈልግበት ምክንያት አላገኘሁም። ‹ሱፐር› እና ‹ግራንት ኦፕሽን› ለፕሮግራም መለያ አይሰጡም። ‹ማይኤስኪውኤል› በተባለው የውስጥ ዳታቤዝ ሰንጠረዦች ላይ መጻፍ የሚችል መለያ፣ የመለያዎችን ዝርዝር ራሱን ስለሚቀይር፣ ከዳታቤዙ የበላይ መለያ ከሩት (ከማሽኑ ሩት የተለየ ነው) አይለይም። ‹ሴኪዩር ፋይል ፕሪቭ› የተባለውን ቅንብርም ይመልከቱ፦ ‹ነል› ከሆነ በፋይል ማስገባትና ማስወጣት ተዘግቷል፤ የፎልደር ስም ካለበት በዚያ ፎልደር ብቻ ተወስኗል፤ ባዶ ከሆነ ግን ገደብ የለውም፣ ወዲያውኑ ይታረም።

በፖስትግሬስ ‹ፒጂ ኤክስኪዩት ሰርቨር ፕሮግራም›፣ ‹ፒጂ ራይት ሰርቨር ፋይልስ› እና ‹ፒጂ ሪድ ሰርቨር ፋይልስ› የተባሉት፣ ከ11ኛው ዕትም ጀምሮ የመጡ ሚናዎች (ለመለያዎች የሚሰጡ የፈቃድ ጥቅሎች) አባል ማን እንደሆነ ይጠይቁ። የመጀመሪያው በሰርቨሩ ማሽን ላይ ትእዛዝ ያስኬዳል፤ ስሙ ሱፐርዩዘር ባይሆንም ወደዚያው ለመድረስ ከበቂ በላይ ነው። ‹ክሪኤትሮል› የሚባለው ፈቃድ ደግሞ የበለጠ ያታልላል። እስከ 15ኛው ዕትም ድረስ ይህን የያዘ መለያ ሱፐርዩዘር ያልሆነን ማንኛውንም ሚና ለራሱ መስጠት ይችል ነበር፤ ከላይ ያሉትን ጨምሮ። በሴፕቴምበር 2023 የወጣው 16ኛው ዕትም ይህን አጥብቧል። ከዚያ በታች ላይ ከሆኑ ‹ክሪኤትሮል› ያለውን መለያ እንደ ሱፐርዩዘር ይቁጠሩት።

ከዚህ በኋላ መለያዎቹን እንደገና ያደራጁ። እኔ ለቡና አቅራቢው ሦስት ሠራሁ። የሰንጠረዦቹ ሁሉ ባለቤት የሆነ፣ ነገር ግን መግባት የማይችል አንድ ሚና፤ ፕሮግራሙ የሚገባበት፣ በተወሰኑ ሰንጠረዦች ላይ ብቻ የሚያነብና የሚመዘግብ ሁለተኛ፤ ለሪፖርት የሚያነብ ብቻ ሦስተኛ። ከ‹ፐብሊክ› ስኪማ ላይ ለሁሉም የተሰጠውን የመፍጠር ፈቃድ ‹ሪቮክ› በሚለው ትእዛዝ አነሳሁ። የሌሊቱ ስክሪፕትም በሦስተኛው ሚና እንዲሠራ ተደረገ፤ ሪፖርት ለማንበብ ሱፐርዩዘር ማን አስፈለገው? ሶፍትዌሩን የሠራው ባለሙያ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት አንዱን መለያ ለሁሉም ተጠቅሞበት ነበር። ይህ በየከተማው የማየው ልማድ ሲሆን እንድንተወው አጥብቄ እለምናለሁ፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ስህተት የዳታቤዙን ሁሉ በር የምትከፍተው በዚህ ልማድ ምክንያት ነው።

ደረጃ 5፦ በተዋሰ ሥልጣን የሚሠሩ ፈንክሽኖች

አንዳንድ ፈንክሽን የሚሠራው በጠራው ሰው ሳይሆን በፈጠረው ሰው ሥልጣን ነው፤ ‹ሴኪዩሪቲ ዲፋይነር› ይባላል። ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ሠራተኛው ሰንጠረዡን ሳይነካ በተወሰነች ቀዳዳ ብቻ እንዲሠራ ያስችላል። ነገር ግን ማኅተምን ለሌላ ሰው ማዋስ ስለሆነ የተዋሰው ሰው ምን ላይ ሊያሳርፈው እንደሚችል ማወቅ ግድ ነው።

በፖስትግሬስ ይህ የሚሆነው ሆን ተብሎ ሲጻፍ ነው። ዝርዝራቸውን ‹ፒጂ ፕሮክ› ከተባለው የውስጥ ሰንጠረዥ ያውጡና በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ነገር ያድርጉ። ‹ሰርች ፓዝ› የሚባለውን፣ ስም በየትኛው ስኪማ ቀድሞ እንደሚፈለግ የሚወስነውን ቅደም ተከተል በፈንክሽኑ ላይ ራሱ ይወስኑት፤ የታመኑ ስኪማዎች ብቻ ይግቡበት፣ የጊዜያዊ ዕቃዎቹ ስኪማ ‹ፒጂ ቴምፕ› መጨረሻ ላይ ይቀመጥ። ከዚያም የማስኬድ ፈቃዱን ከሁሉም ላይ አንስተው ለሚያስፈልገው ሚና ብቻ ይስጡ፤ ፖስትግሬስ አዲስ ፈንክሽንን ማንም እንዲጠራው አድርጎ ነው የሚፈጥረው።

በማይኤስኪውኤል ነገሩ ይገለበጣል፤ ሌላ ካልተጻፈ በቀር የተከማቸ ፕሮሲጀርና ቪው በፈጣሪው ሥልጣን ነው የሚሠሩት። ፈጣሪው ሩት ከሆነ ፕሮሲጀሩን የጠራ ሁሉ በሩት እጅ ይሠራል ማለት ነው። ‹ኢንፎርሜሽን ስኪማ› ውስጥ የፕሮሲጀሮችን፣ የትሪገሮችን (ሰንጠረዥ ሲቀየር በራሳቸው የሚነሱ ትእዛዞች)፣ የቪዎችንና በሰዓት የሚነሱትን ኢቨንቶች ‹ዲፋይነር› አምድ ያንብቡ። ከሌላ ሰርቨር የመጣ ቅጂ ሲመለስ ‹ዲፋይነር› የሚለው ስም አብሮ እንደሚመጣም ያስታውሱ።

ደረጃ 6፦ ከፍተኛው መለያ ወደ ታች የሚወርድባቸውን ሰዓቶች መጠበቅ

በሱፐርዩዘር የሚሠሩትን ስክሪፕቶች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ኢንዴክስ እንደገና መሥራት፣ የተከማቸ ቪው ማደስ፣ የወር መዝጊያ። ለእያንዳንዱ በእርግጥ ሱፐርዩዘር ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ በዕቃው ባለቤት ሚና ይሠራሉ። የግድ የሚያስፈልገው ከሆነ በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ‹ሰርች ፓዝ›ን ባዶ አድርገው እያንዳንዱን ሰንጠረዥና ፈንክሽን ከነስኪማው ስም ይጥሩ። በሱፐርዩዘር ስም ገብቶ የሌሎችን ቪው መመልከትም ኮድ ማስኬድ መሆኑን አስተዳዳሪዎች ይዘነጋሉ፤ «ልይ ብቻ» ማለት እዚህ ቦታ አይሠራም። አውቶቫክዩምን ግን ለደህንነት ብለው አያጥፉት፤ ሳይጸዳ የቆየ ዳታቤዝ ውሎ አድሮ ራሱ ይቆማል። የእሱ መድኃኒት ማሻሻያው ነው።

ደረጃ 7፦ የውጭው በር

ከላይ ያለው ሁሉ ተጠቃሚው በመለያው ገብቷል ብሎ የሚነሳ ነው። በ2012 የታወቀው ሲቪኢ-2012-2122 ያንንም አፍርሶት ነበር፤ በአንዳንድ የማይኤስኪውኤልና የማሪያዲቢ ግንባታዎች ላይ የይለፍ ቃል ሲነጻጸር በሚፈጠር የቁጥር ስህተት ምክንያት የተሳሳተ የይለፍ ቃል ከ256 ሙከራ አንዴ ያህል ትክክል ተብሎ ያልፍ ነበር። ሩትን በዚህ መንገድ ለማግኘት ሰከንዶች ይበቁ ነበር። ያኔ የተረፉት ሰርቨሩን ከውጭ ኔትወርክ የዘጉት ናቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙና ዳታቤዙ በአንድ ማሽን ላይ ከሆኑ ‹ባይንድ አድሬስ› ወይም ‹ሊስን አድሬስስ› (ሰርቨሩ ግንኙነት የሚቀበልበት አድራሻ) በዚያው ማሽን ይወሰን፤ የማይኤስኪውኤልና የፖስትግሬስ መግቢያ ፖርቶች 3306 እና 5432 በፋየርዎል ይዘጉ። በፖስትግሬስ፣ ማን ከየት እንደሚገባ በሚወስነው ‹ፒጂ ኤችቢኤ› ፋይል ውስጥ ‹ትረስት› የሚል መስመር ካለ ያለ ይለፍ ቃል ማስገባት ማለት ነውና ይቀየር። በዊንዶውስ ላይ ኤግዛምፕ የተባለውን የዌብ ሰርቨርና የዳታቤዝ ጥቅል ጭነው የሚሠሩ ሱቆች ደግሞ የሩት መለያው ያለ ይለፍ ቃል እንደሚመጣ ይወቁ፤ ለመማሪያ የተሠራ እንጂ ለንግድ ሥራ አይደለም።

ደረጃ 8፦ በዝቅተኛው መለያ ገብቶ መሞከርና መከታተል

አስተዳዳሪ ሥራውን በአስተዳዳሪ መለያ ሆኖ ሲፈትሽ ሁሉም ነገር ይሠራለታል፤ ይህ ምንም አያረጋግጥም። በሚዛን ሠራተኛው መለያ ገብተው ፈንክሽን ለመፍጠር፣ የዋጋውን ሰንጠረዥ ለመቀየር፣ ፋይል ለመጻፍ፣ ለራስዎ ሚና ለመስጠት ይሞክሩ። ለእያንዳንዱ የሚመጣውን መልስ ከነቀኑ ይመዝግቡ። በፖስትግሬስ ‹ሎግ ስቴትመንት› የተባለውን ቅንብር ‹ዲዲኤል› ላይ ቢያደርጉት ዕቃ በተፈጠረና በተቀየረ ቁጥር ይመዘገባል፤ ሎጉ ወደ ሌላ ማሽን ካልተላከ ግን ሥልጣኑን የወሰደ ሰው ራሱ ይሰርዘዋል።

በቡና አቅራቢው ቤት ያንኑ የ‹ሎወር› ሙከራ ደገምኩት። በሐጂ ፊት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ለስኪማው ፈቃድ የለህም የሚል መልስ መጣ። ከዚያም የፈቃዶቹን ዝርዝር አትመን ከደረሰኝ መዝገቡ ጋር ካዝና ውስጥ አስቀመጥነው፤ በየሩብ ዓመቱ አዲስ ወጥቶ ከዚያ ጋር መስመር በመስመር ይተያያል። ፖስትግሬስ ንዑስ ማሻሻያዎቹን የሚያወጣው በፌብሩዋሪ፣ በሜይ፣ በኦገስትና በኖቬምበር ሁለተኛ ሐሙስ ስለሆነ፣ ንጽጽሩን ከዚያ ሳምንት ጋር አያያዝነው። ሐሙስ ጅማ ላይ ገበያ ነው፤ ሚዛኑም እስከ ማታ አያርፍም። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ማስታወሻው ይነበባል፣ ዓርብ በቅጂው ላይ ይሞከራል፣ እሑድ ጠዋት ሰርቨሩ ይታደሳል።